የባሮ ዳር ውል

የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሸክም ከጎሬ በቡሬ በኩል ቍልቍል ወርዶ፣ ከባሮ ወንዝ ዳር በመርከብ ወደ ካርቱም ይጫን በነበረበት ዘመን፣ ታናሿ የጋምቤላ ከተማ የምዕራብ ኢትዮጵያ ደጅ እንደ ነበረች የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ነገሩ የተጀመረው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል ሲሆን፣ በዚያ ውል መሠረት ኢታንግ አጠገብ በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ በኋላም ጣቢያው ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ባሮ ለመርከብ የሚበቃው ክረምት ሲሞላ ብቻ ስለ ነበረ፣ ነጋዴው ሁሉ ጭነቱን ከውኃው ጋር ያስማማ ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ቦታው ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ ውሎ አድሮ ቀረ።

ታዲያ መሬቱን በሜትርና በሄክታር የወሰኑት ሰዎች፣ በዚያው ወንዝ ዳር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩትን መንደሮች ቃል ጠይቀው እንደ ነበረ የሚያመለክት አንቀጽ በውሉ አይገኝም። አኝዋኩ ገበሬ ጐርፉ ሲሸሽ ጠብቆ፣ ገና ባልደረቀው ደለል ላይ በሾለ ዘንግ ጕድጓድ እየወጋ በቈሎውን ይጥላል፤ ኑዌሩም በክረምት ከብቱን ወደ ከፍታው አውጥቶ፣ በበጋ ወደ ወንዙ ዳር ይመልሳል። (እኛ ደገኞች ጐርፍ ሲባል የሚታየን ጥፋቱ ብቻ ነው።) አንዱ ውኃ ለአንዱ እርሻ፣ ለሌላው ግጦሽ ነውና፣ ሰላሙም ጠቡም ከዚያው ይመነጫል። ከዚህ ላይ ከደጋ የወረደው ነጋዴ፣ መምህርና ወታደር፣ በደርግ ዘመን በሠፈራ የመጣውም ሕዝብ ሲጨመር፣ በከተማይቱ ገበያ አኝዋክኛው፣ ኑዌርኛው፣ ኦሮምኛውና አማርኛው በአንድ የዓሣ መደብ ፊት ይገናኛሉ። ይህ መገናኘት ሁልጊዜ ፍቅር ነበር ብዬ አልዋሽም፤ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በከተማይቱ የፈሰሰው የአኝዋኮች ደም ገና ከልብ አልደረቀም።

የምኒልክ ዘመን ውል ቢያልፍም፣ የወንዙን ዳር ሰው ሳይጠይቁ የመወሰኑ ልማድ ግን አላለፈም። በደርግ ዘመን በሶቭየት ርዳታ አቦቦ አጠገብ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ፣ ጥጥ ያለማል ተብሎ ሳለ፣ ውኃውን እንዳቈረ ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። እንደ እኔ አስተያየት ጕድለቱ በመሐንዲሱ ጥበብ ላይ አልነበረም፤ በወንዙ ዳር የሚኖረው ሕዝብ እንደ ባለጕዳይ ባለመቈጠሩ ነው።

ስለዚህ ለሹማምንቶቻችንና ለባለሀብቶቻችን የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ በባሮ ላይ ግድብም ሆነ መርከብ ከመታሰቡ አስቀድሞ፣ የኢታንግና የአካባቢው መንደሮች ሽማግሌዎች በየልሳናቸው ይጠየቁ፤ የሰጡትም ቃል በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ ይጻፍ።