ስለ ሕፃናት የሕመም መታወቂያ አምባር

አንደበት ያለው ሰው ሕመሙን ተናግሮ መድኃኒቱን ያገኛል። ነገር ግን ሕመም አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው አንደበትን ነው፤ ይልቁንም ሕመምተኛው ሕፃን እንደ ሆነ፥ አንደበቱ ባይያዝ እንኳ የደዌውን ስምና የመድኃኒቱን ዐይነት ለይቶ ለማስረዳት ዕውቀቱ አይደርስም። እናትና አባቱ አብረውት ሳሉ እነርሱ ስለ እርሱ ይናገራሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በመንገድ፥ ወይም ከባልንጀሮቹ ጋራ ሲጫወት በሜዳ የወደቀ እንደ ሆነ ግን የሚናገርለት ማን ነው? የሕመም መታወቂያ አምባር የተፈለሰፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርንያ ግዛት፥ ተርሎክ በምትባል ከተማ ዶክተር ማርዮን ኮሊንስ የተባሉ ሐኪም ነበሩ፤ ሊንዳ የምትባል ልጅም ነበረቻቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ልጅቱ ጣቷን ተቈረጠች። የመንጋጋ ቈልፍ በሽታ እንዳይዛት የሚሰጠውን መድኃኒት ሰውነቷ ይቀበለው እንደ ሆነ ለመመርመር ጥቂት ብቻ ቢሰጣት፥ ሰውነቷ ወዲያው ተቃወመውና ለሞት ቀረበች። በሕክምና ብርታትም ዳነች። ወላጆቿን ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ጭንቀት ያዛቸው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ልጅቱ ከቤት ርቃ ሳለች እንደ ገና ብትቈስልና የማያውቃት ሐኪም ሊረዳት አስቦ ያንኑ መድኃኒት ቢሰጣት፥ የሚገድላት ራሱ እርዳታው ነውና። ስለዚህ ሰውነቷ የማይቀበለውን ነገር በብር አምባር ላይ አስቀርጸው በእጇ አሰሩላት። ይህም ለሌላው ሰው ሁሉ እንደሚጠቅም ተመልክተው በ1956 ዓ.ም. ሜዲክ አለርት የሚባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። እንግዲህ የዚህ ነገር መነሻው የነጋዴ ብልሃት ሳይሆን የወላጅ ሥጋት መሆኑን ልብ ይሏል።

በአገራችንም ይህን ጥበቃ የሚሹ ልጆች ጥቂቶች አይደሉም። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ምግብ የዘገየበት ወይም ብዙ የሮጠ እንደ ሆነ፥ በደሙ ያለው ስኳር ከመጠን ያንሳል፤ ያን ጊዜ ይንቀጠቀጣል፥ ያልበዋል፥ ንግግሩ ይወላገዳል፥ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አለ፤ ሰውነቱ ፔኒሲሊንን ወይም ኦቾሎኒን የማይቀበል ልጅ አለ፤ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ልጅ አለ። ደግሞም በጕሮሮ ሕመም ምክንያት በሚመጣው የልብ በሽታ ተጐድቶ፥ በቀዶ ጥገና ሰው ሠራሽ የልብ በር ተደርጎለት፥ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም አቅጣኝ መድኃኒት ዕለት ዕለት የሚውጥ ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ራሱን ተመትቶ ሐኪም ቤት ቢገባ፥ መድኃኒቱ ሳይታወቅ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት አደገኛ ነው።

ከዚህም በላይ በእኛ ዘንድ አለማወቅ የሚያመጣው ሌላ ጕዳት አለ። ስኳሩ ያነሰበትን ልጅ «ጋኔን ለከፈው» የሚሉ አሉ፤ ጐልማሳ መሰል እንደ ሆነም «ሰክሯል» ብለው ይተዉታል። የሚጥል በሽታ የያዘውን ልጅ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማሽተት በብዙ ስፍራ የሚታይ ልማድ ነው። ይህ ሁሉ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ደዌው ምን እንደ ሆነ ካለማወቅ ነው እንጂ። በልጁ ክንድ ላይ «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ኢንሱሊን እወስዳለሁ» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ግን ያው መንገደኛ የሚያደርገውን ያውቃል። ልጁ ነቅቶ መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን በአፉ ምንም ሳያደርግ ወደ ሐኪም ቤት ያፋጥነዋል።

ይህን ያህል ስለ ጥቅሙ ከተናገርን፥ ወላጅ አምባሩን ሲመርጥ ምን ሊመለከት እንደሚገባው እንግለጥ። ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ አምባር ማንንም አያድንም። ስለዚህ ማናቸውም ምርጫ «ልጁ ይህን ሳያወልቅ ውሎ ያድራልን?» በሚለው ጥያቄ መመዘን አለበት።

አንዳንድ ሰዎች ለሕመም ምልክት ውበት መፈለግ ከንቱነት ነው ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ልጅ ያልወደደውን ነገር እናቱ ፊት ያስራል፥ ከበር ሲወጣ አውልቆ በኪሱ ይከታል። የወደደውን ግን ተኝቶም አይለየውም። ስለዚህ ቀለሙንና መልኩን ልጁ ራሱ እንዲመርጥ መፍቀድ ማቀማጠል ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ሴት ልጅ እንደ ጌጥ አምባር ያማረ፥ ወንድ ልጅም እንደ እጅ ሰዓት ማሰሪያ ጠንካራ የሆነውን ቢወድ፥ ወላጅ ፈቃዱን ሊፈጽምለት ይገባል። የሆነ ሆኖ ጌጡ ምልክቱን እስኪሰውረው ድረስ መብዛት የለበትም፤ ባለ እባቡ በትር የሕክምና ምልክት በግልጥ ሊታይ ያስፈልጋል። ምልክቱ ካልታየ አምባሩ እንደ ማንኛውም ጌጥ ተቈጥሮ ይታለፋልና።

ሁለተኛው ነገር ጥንካሬው ነው። ልጅ ይሮጣል፥ ይወድቃል፥ በጭቃና በውኃ ይጫወታል። ለዚህ የማይዝግ ብረት ጽኑና ዋጋውም የማይከብድ ነው፤ ነገር ግን ኒኬል የሚባለው ማዕድን አብሮት ስላለ፥ ቆዳው በኒኬል የሚቈጣ ልጅ ቲታኒየም ቢያደርግ ይሻለዋል። ብር ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ይጫጫራል፥ ይጠቍራልም። ወርቅ የሌባን ዐይን ይስባልና ለልጅ አይመከርም፤ ላዩን ብቻ በወርቅ የተቀባውም ቅቡ ሲለቅ ጽሑፉን ያበላሻል። ለትንንሽ ልጆች ከሲሊኮን ወይም ከጠንካራ ጨርቅ የተሠራ ማሰሪያ ሆኖ የብረት ሰሌዳ ያለበት ምቹ ነው። በአፋቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ዶቃና ትንሽ ተንጠልጣይ ጌጥ ግን ሊያንቃቸው ስለሚችል ፈጽሞ መቅረት አለበት። ጽሑፉም በቀለም የተጻፈ ሳይሆን በጥልቅ የተቀረጸ ይሁን።

ልኩም ቸል የሚባል አይደለም። በክንዱና በአምባሩ መካከል አንዲት ጣት ብታልፍ መልካም ነው፤ ከዚያ የሰፋ ይወልቃል፥ የጠበበም ያቈስላል። መቈለፊያው ሕፃን በቀላሉ የማይከፍተው ይሁን። ልጅ ያድጋልና በየጥቂቱ ወር ልኩን መመልከት ያሻል፤ መድኃኒቱ ወይም የስልኩ ቍጥር በተለወጠ ጊዜም ጽሑፉን ሳይውል ሳያድር መለወጥ ነው። ያረጀ ጽሑፍ ሐኪሙን ያሳስታልና ከባዶው ይልቅ ይጐዳል።

ስለ ጽሑፉም ይዘት፥ ጥቂትና እውነተኛ ቃል ይበቃል፤ የደዌው ስም፥ ሰውነቱ የማይቀበለው ነገር፥ ዘወትር የሚወስደው መድኃኒት፥ የወላጅም የስልክ ቍጥር። ሐኪሞቻችን የሕክምናን ቃል በእንግሊዝኛ ስለሚጽፉ የደዌውና የመድኃኒቱ ስም በእንግሊዝኛ ቢጻፍ፥ መንገደኛው የሚረዳው ቃል ደግሞ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ቢጨመርበት ይጠቅማል። ቃሉን አስቀድሞ ለልጁ ሐኪም ማሳየት አስፈላጊ ነው።

«ልጄን በአደባባይ ሕመምተኛ ነው ላስብለውን?» የሚል ወላጅ እንዳለ እናውቃለን፤ ሥጋቱም የሚናቅ አይደለም። ስለ ሚጥል በሽታ የሚወራው ክፉ ወሬ ስንቱን ልጅ ከጓደኞቹ እንደ ለየ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ምልክቱ ብቻ ከላይ ሆኖ ጽሑፉ ወደ ቆዳው በኩል የተቀረጸ አምባር ይገኛል፤ የልጁን ምሥጢር ይጠብቃል፥ በችግር ቀን ደግሞ ገልብጦ ላነበበው ይናገራል። ደግሞም የተሰወረ ደዌ ከሐሜት አያድንም፤ በመንገድ ላይ በድንገት ሲገለጥ ሐሜቱ የባሰ ነውና።

እንግዲህ አምባሩ ክታብ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ክታብ ተሸፍኖና ተሰፍቶ በአንገት ይታሰራል፤ የያዘውም ሰው ሳይነበብ ይጠብቀኛል ብሎ ያምናል። ይህ ግን ካልተነበበ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ግዴታው በወላጅ ብቻ አያልቅም። መምህር በክፍሉ ያለው ልጅ ምን ዐይነት አምባር እንዳሰረና ጽሑፉ ምን እንደሚል ሊያውቅ ይገባዋል። የትራፊክ ፖሊስ፥ የታክሲ ረዳት፥ በጤና ጣቢያም የሚሠራ ሰው፥ ራሱን የሳተ ሰው ባገኘ ጊዜ ክንዱንና አንገቱን ቢመለከት ከአንድ ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድበትም።

በብርና በወርቅ ሥራ የሠለጠኑት አንጥረኞቻችንም ስለዚህ ነገር ቢያስቡበት እንወዳለን። ከብዙ ዘመን ጀምሮ አምባርንና አልቦን፥ ድሪንና ጕትቻን ያማረ አድርገው የሠሩ እጆች፥ በማይዝግ ብረት ላይ ሦስት መስመር ቃል ቀርጸው ለልጅ ክንድ የሚስማማ አምባር ለማውጣት አይቸገሩም። ከውጭ አገር በውድ ዋጋ ከሚመጣው ይልቅ በአገር ውስጥ የተሠራው ለድኻው ወላጅ ይቀርበዋል፤ ፊደሉንም በራሳችን ቋንቋ ለማስቀረጽ ይመቻል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው። የደዌውን መምጫ ቀን ማንም አያውቅም፤ ልጅ ወላጆቹ በሌሉበት ስፍራ መዋሉ ግን ዕለት ዕለት የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ ሐኪም ይህን ምልክት ያዘዘለት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁን ወደ ገበያ ይዛችሁ ውጡ፥ የሚወደውንም እርሱ ራሱ ይምረጥ፤ እናንተ ግን ብረቱን ፈትኑ፥ ቃሉንም መርምሩ። እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት በእናንተ ፈንታ የሚናገረው ያ ቃል ነውና።