አፈሩ አስቀድሞ ተሰደደ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ከደረቀ አገር ወጥቶ፥ ልጁን አዝሎ በከተማ ዳር የተቀመጠውን ሰው ባየህ ጊዜ ምን ትላለህ? አንዱ «ሰነፍ ነው፤ ሥራ ጠልቶ መጣ» ይላል። ሌላው «ምን ያድርግ፤ ሰማይ ተዘጋበት» ይላል። የፊተኛው ቃል ጭካኔ ነው፤ የኋለኛው ግን ርኅራኄ ስለሚመስል ይበልጥ ያታልላል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ።

ዝናም መቅረቱ እውነት ነው። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰውን ራብ፥ ጦርነትም እንዳባባሰው፥ ማን ይክዳል? ነገር ግን ጎተራው የሞላውን ገበሬ የአንድ ዓመት ድርቅ ከቤቱ አያስወጣውም። የሚወጣው አስቀድሞ አፈሩ የሄደበት ነው። ዛፉ የተመነጠረ ተራራ ውሃ አይዝም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ለሙን አፈር ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በሱዳን ተሠርቶ ያለቀው የሮሴሬስ ግድብ ውሃ ከሚይዝበት ስፍራ ከፊሉን ደለል ወስዶበታል። ደለሉ ዓባይ ከጎጃም፥ ከወሎና ከሸዋ ዳገቶች ያጋዘው ነው። አፈሩ ያለ ይለፍ ወረቀት ድንበር ተሻግሮ ከሄደ፥ ባለቤቱ ቢከተለው ለምን እንደነቃለን?

«እንግዲያውስ ሰዎቹን ወደ ለም አገር ማዛወር ነው» የሚል አለ። ይህም ተሞክሯል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አዛወረ። ብዙዎች ሳይወዱ ሄዱ፤ ቤተ ሰብ ተለያየ፤ ደጋ የለመደው ሰው በቆላ ወባ ሞተ። በዚያም ለእርሻ ሲባል ደን ተመነጠረ። ስለዚህ ከሰውየው ጋር መጥረቢያውንም አዛወርነው።

በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ገበሬዎች ግን ተራራቸውን ከከብት ከለሉ፤ እርከንና ክትር ሠሩ፤ ርቆ የነበረው የጉድጓድ ውሃም ተመለሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ሥራቸው ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሽልማት ተቀበሉ። ሰማዩ ያው የድርቅ አገር ሰማይ ነበረ፤ የተለወጠው የሰው እጅ ነው።

ዛሬ ደግሞ የባለጠጎች አገሮች ጢስ የዓለምን አየር እያሞቀ፥ ጢስ ያላጤሰውን ገበሬ ይጎዳዋል። ይህን በደል መናገር ይገባል፤ ነገር ግን እርከን ላለመሥራት ምክንያት አይሆነንም።

እኔም በዚህ ነገር በደለኛ ነኝ። መምህር ሳለሁ ተማሪዎቼን የወንዞችን ስም በቃል አስጠናኋቸው እንጂ፥ ወንዙ በክረምት ለምን እንደሚደፈርስ አላስተማርኋቸውም። አንተ ግን ስደተኛውን ባገኘኸው ጊዜ «ለምን መጣህ?» ከማለትህ በፊት «አፈርህ ወዴት ሄደ?» ብለህ ጠይቀው፤ መልሱንም ከሰማህ በኋላ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ።