ስማችን ሲጠራ ብቻ የምንሰማ አድማጮች

ሬጌ እንወዳለን ስንል ውሸታችንን ነው። የምንወደው በሬጌ ውስጥ ስማችን ሲጠራ መስማትን ነው። ዘፋኙ «ኢትዮጵያ» ሲል፣ «ራስ» የሚለውን ማዕረጋችንን በጃማይካ አፍ ሲጠራልን ደረታችን ይነፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ለኛ ከበሮና ባስ ጊታር ብቻ ነው። በሠርግ ድግስ ላይ አዝማሪው ስሙን እስኪያነሣው ድረስ ጆሮውን አቁሞ ጠብቆ፣ ከተወደሰ በኋላ ወደ ሥጋው የሚመለስ እንግዳ ታውቁ የለ? ያ እንግዳ እኛ ነን።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላንሣው። የቦብ ማርሌይና የዌለርስ «ባቢሎን ባይ በስ» እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ የወጣ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ነው። አብዛኛው በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ፓሪስ ውስጥ ከመድረክ ላይ በቀጥታ ተቀድቷል። የስቱዲዮ ሥራዎቹ ከዚህ የጠሩ ናቸው የሚሉ አሉ፤ ይጥሩላቸው። እኔ ይህን የምመርጠው ሕዝቡ ስለሚሰማ ነው። ዘፋኙ ይጥላል፣ አዳራሹ ይቀበላል፣ ከበሮው የሕዝቡን ምላሽ ጠብቆ ይመታል። የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። በማሲንቆ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ለአዝማሪው እየሰጠ ያደገ ሰው፣ ዘፈን በሁለት ወገን የሚሠራ ነገር መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃል።

በአልበሙ ውስጥ «ዋር» እና «ኖ ሞር ትራብል» የተባሉት ሁለት ዘፈኖች ያለ ፋታ ተያይዘው ይመጣሉ። ጦርነት፣ ወዲያው ደግሞ መከራ ይብቃን። የመጀመሪያው ግጥም ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ እንዲያውም ከዘፈኑ ሁሉ የምናውቀው እሱን ብቻ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም ወር 1956 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ያደረጉት ንግግር ነው። ንጉሡ የተናገሩት በአማርኛ ነበር! የዘር የበላይነት አስተሳሰብ እስካልተነቀለ ድረስ ሰላም አይገኝም የሚለው ያ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 «ራስታማን ቫይብሬሽን» በተባለው አልበም ላይ ዘፈን ሆነ፣ ፓሪስ ላይ በሺህ ወጣት ጩኸት ታጅቦ ተቀዳ፣ ከዚያ በካሴት ተገልብጦ ወደ ባለቤቱ አገር ተመለሰ። ባለቤቱ ግን በራሱ ቋንቋ የተነገረውን በባዕድ ቋንቋ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የስሜን ተራሮች መግቢያ ወደሆነችው ደባርቅ የደረሰ እንግዳ ይህን ዘፈን ሳይሰማ አያድርም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በተቀባ የሻይ ቤት ግድግዳ ሥር ይከፈትለታል። ለቱሪስቱ ማር ነው። አስጎብኚውም «ቃሉ የኛ ንጉሥ ነው» ይለዋል፤ እውነቱን ነው። ቃሉ ምን ይላል ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ የሚያጥር ይመስለኛል። በአስጎብኚው አልፈርድም፤ አዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ስትሰማ አላየሁም። መስቀል አደባባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ለቦብ ማርሌይ ስድሳኛ ልደት ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስበን ያከበርነው እሱን ነበር ወይስ ራሳችንን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አልበሙ በወጣበት በዚያው 1978 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው አልበም ውስጥ «ኤክሶደስ» የሚባል ዘፈን አለ፤ ስለ ስደትና ስለ ጉዞ። ከፓርኩ ውስጥ ከጊጭ ተነሥቶ ደባርቅ ዳር እንዲሰፍር ለተደረገው ገበሬ (ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው) ይህ ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ምሳሌ አይደለም። ዘፈኑ በቅርብ ርቀት ይከፈታል፤ ስለሱ መሆኑን ግን የነገረው የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ደረሰ። በዳባት ወረዳ ጭና በተባለው ቀበሌ በሕወሓት ተዋጊዎች ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ካህንም ገበሬም፣ ሴትም ልጅም። ለመሆኑ በዚያ ዘመን ሙዚቀኞቻችን ምን ሰጡን? ፉከራ ሰጡን። በኪቦርድ የታጀበ፣ በአራት ግድግዳ ውስጥ የተቀዳ፣ ለምላሽ ቦታ ያልተወለት ፉከራ። በዚህ በኩልም በዚያም በኩል። በሽፋኑ ላይ የሬጌ ምት የተጫነበት ጭምር ነበረ፤ የዚያኑ «ዋር» ምት ማለቴ ነው!

ወራሪ ደጃፍ ሲቆም ምን ይዘፈን ኖሯል የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሽለላና ቀረርቶን የሚጠላ የዚህ አገር ሰው አይደለም፤ ያ ምድር ዐፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም. የነገሡበት ምድር ነው። ነገር ግን በገጠሩ ሽለላ ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ማታ የፎከረው ጎረምሳ ሬሳው ሲመጣ እናቱ በሙሾ ትመልስለታለች፤ አልቃሿ ግጥም ትሰጣለች፣ ሰው ይቀበላል። ጀግንነቱም ዋጋውም በአንድ ደጅ ላይ ይሰማሉ። «ዋር» እና «ኖ ሞር ትራብል» ያለ ፋታ መያያዛቸው ይኸው ሥርዓት ነው። ስቱዲዮዎቻችን ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደው ሁለተኛውን ጣሉት። የሚሸጠው እሱ ነዋ! የጭና እናቶች ሙሾ በየትኛው አልበም ወጣ?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በዐማራ ክልል ሌላ ጦርነት ሲነሣም ያው ኪቦርድ፣ ያው ቀረርቶ ተዘጋጅቶ ጠበቀን።

የሙዚቃ አሳታሚ ነን ለምትሉ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከመድረክ በቀጥታ የተቀዳ፣ ሕዝቡ የሚሰማበት የአዝማሪ አልበም ስንት አላችሁ? የውጭ አገር አጥኚዎች ለቤተ መዛግብት የቀዱትን አልጠየቅሁም፤ እናንተ ለገበያ ያወጣችሁትን ነው። ከደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ወዲህ ባንዱ ከሆቴል አዳራሽ ሳይወጣ፣ ካሴቱም ከኪቦርድ ሳይላቀቅ ኖረ፤ ሰዓት እላፊው ከተነሣ ግን ስንት ዘመን ሆነው። አንድ የመቅጃ መሣሪያና ሁለት ጥሩ ማይክሮፎን ጎንደር አውቶቡስ ላይ ተጭኖ በግማሽ ቀን ዳባት ይደርሳል። በገበያ ቀን ማሲንቆ የያዘ ሰው አይጠፋም፤ ስንኝ የሚሰጠውም ሞልቷል። እናንተ ፉከራውን ብቻ ቆርጣችሁ እንዳታወጡት እንጂ፣ መንገዱስ አስፋልት ነው።