የክለቦች የክብር መዝገብ እና ሜዳ እንዳይገቡ የተከለከሉት የደቡብ አፍሪካ ተጫዋቾች

በርካታ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ከሚገኙበት የጆሃንስበርጉ ጀፕ ብዙም ሳይርቅ ኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ይገኛል። በአውሮፓውያኑ ሰኔ 24/1995 ደቡብ አፍሪካ በዚህ ሜዳ ኒውዚላንድን በተጨማሪ ሰዓት 15 ለ 12 አሸንፋ የራግቢ የዓለም ዋንጫን አንስታለች። ኔልሰን ማንዴላ የአምበሉን የፍራንሷ ፒናርን 6 ቁጥር መለያ ለብሰው ዋንጫውን ሲያስረክቡ የሚያሳየው ምስል የአዲሲቷ ደቡብ አፍሪካ መገለጫ ተደርጎ ይወሰዳል።

በዚያ ቡድን ውስጥ ነጭ ያልነበረው ግን ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር።

በዓለም ዙሪያ ያሉ ክለቦች የቀድሞ ከዋክብቶቻቸውን ሲያከብሩ የሚመዝኑት በቁጥር ነው፤ ስንት ጨዋታ፣ ስንት ነጥብ፣ ስንት ዋንጫ። ይህ መለኪያ ፍትሐዊ ይመስላል። ሆኖም በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ሜዳ እንዳይገባ የተከለከለ ሰው የሚቆጠርለት ነገር የለም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በራግቢ ሊግ ታሪክ ነው። ይህ የራግቢ ዓይነት በ1895 ከራግቢ ዩኒየን የተለየው በተጫዋቾች ክፍያ ውዝግብ ነበር። ክፍያን የፈቀዱት የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ከጊዜ በኋላ ደቡብ አፍሪካውያንን ማስፈረም ጀመሩ።

ከእነዚህ አንዱ ቶም ቫን ቮለንሆቨን ነው። ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው ይህ ነጭ ተጫዋች በ1957 ወደ ሴንት ሄለንስ ተዛውሮ 392 ጊዜ ኳስን ከግብ መስመር አሳርፏል። ይህም የክለቡ ክብረ ወሰን ነው። የብሪታኒያ ራግቢ ሊግ በ2000 በክብር መዝገቡ አስፍሮታል።

ዴቪድ ባረንድስም ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሰሜን እንግሊዝ አቅንቷል። የአፓርታይድ ሕግ "ክልስ" ብሎ የመደበው ባረንድስ ግን በአገሩ ብሔራዊ ቡድን የመሰለፍ ዕድል አልነበረውም። በ1979 የለበሰው የታላቋ ብሪታኒያን መለያ ነው። ነጭ ያልሆነ ተጫዋች፣ ኤሮል ቶባያስ፣ ለደቡብ አፍሪካ ይፋዊ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነበር።

ሁለቱም ስማቸውን የተከሉት በባዕድ አገር ነው። አንዱ የሄደው የአገሩን መለያ ከለበሰ በኋላ ሲሆን፣ ለሌላው ያ በር አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ግቦችን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ይህን ልዩነት አያሳይም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ1957 በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በእግር ኳስ ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ነበር። ጥቁሮችና ነጮች የተቀላቀሉበት ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ያልሆነችው ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ስትወጣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ አፓርታይድን በስፖርቱ መድረክ አጥብቀው ከታገሉት አንዱ ነበሩ።

ይድነቃቸው ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች ነበሩ። ዛሬ የሚዘከሩት ግን ባስቆጠሯቸው ግቦች ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎች እንዲጫወቱ ባደረጉት ትግል ጭምር ነው። ክለቦች ባለውለታዎቻቸውን ሲመርጡ ይህንንም መመዘኛ ቢያደርጉት መዝገባቸው የተሟላ ይሆናል። የታላላቆቹ ስም ዝርዝር ማን የተሻለ እንደተጫወተ ይነግራል፤ ማን እንዳይጫወት እንደተከለከለ የሚናገረው ግን ክለቡ ራሱ አብሮ ሲጽፈው ብቻ ነው።