ጭንጫው ቁልቁለት አይደልደል

በኢጣልያ አገር፣ በትሬንቲኖ አውራጃ፣ ቫል ዲ ሶሌ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ «ጥቁር እባብ» የሚል ስም የወጣለት የብስክሌት መውረጃ አለ፤ ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከላይ እስከ ታች ከ500 ሜትር በላይ ስለሚያዘቀዝቅ፣ መሬቱም አፈሩ ታጥቦ ያገጠጠ የዛፍ ሥርና የተፈነቃቀለ ድንጋይ ስለ ሞላበት፣ እግረኛ እንኳ ተጠንቅቆ የሚረግጠው ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ በብስክሌት መውረድን ብዙ ሰው ነፍስን እንደ መፈታተን ይቈጥረዋል። እኔ ግን ይህ ፍርድ ሥራውን ከሩቅ ከማየት የመጣ ነው እላለሁ፤ ስለዚህም ይህን የመሰለው መንገድ ለብዙ ደንበኛ እንዲመች ተብሎ ድንጋዩ እየተነቀለ ሲደለደል ዝም ብሎ መመልከት አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ደፋር የሚባለው ወራጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው በእግሩ መሄድ ነው። በታላላቆቹ ውድድሮች ዋዜማ ተወዳዳሪዎቹ ብስክሌታቸውን ትተው መንገዱን ይመረምሩታል፤ ይህ ድንጋይ ጽኑ ነውን ወይስ ይንከባለላል፣ ከዚህ ሥር በስተቀኝ ያለፈ ሰው ለሚቀጥለው መታጠፊያ ይቀናዋልን እያሉ ይመካከራሉ። በሚወርዱበትም ጊዜ ሕጉ ሥጋ ከሚሻው ጋር ይቃረናል፤ ፍርሃት የያዘው ሰው ዓይኑን በፊት ጎማው ላይ ተክሎ ፍሬኑን አጥብቆ ይጨብጣል፣ ነገር ግን የታሰረ ጎማ ይንሸራተታል እንጂ ለመሪ አይታዘዝም፤ ፍጥነቱን ያጣም ጎማ በሁለት ድንጋዮች መካከል ይቀረቀርና ባለቤቱን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለዋል። ስለዚህ ሥራውን ያወቀ ሰው መሬቱ ጎማ በሚይዝበት ቦታ ፍጥነቱን አስቀድሞ ይቀንሳል፣ ከድንጋዩ መካከል ሲገባ ግን ፍሬኑን ያላላል፤ ከኮርቻው ተነሥቶ፣ ተረከዙን ዝቅ፣ ጉልበቱንና ክንዱን ዘና አድርጎ፣ በበቅሎ ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ እንደሚያደርገው ክብደቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ይህንም የሚያደርገው በልክ ነው፣ አብዝቶ ያፈገፈገ እንደ ሆነ የፊት ጎማው ይቀልና መታጠፊያውን ይስታል። 200 ሚሊ ሜትር ያህል የሚተጣጠፈው የብስክሌቱ ሞላና አገጭን ጭምር የሚሸፍነው የራስ ቁር ሰውነቱን ያግዙታል፤ ፍሬኑ የሚለቀቅበትን ቅጽበት የሚለየው ግን ልቡናው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊስ አገር በሻምፔሪ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ዝናብ ያን ቀጥ ያለ ቁልቁለት ጭቃ ባደረገው ጊዜ፣ የ19 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዳኒ ሃርት ተከታዩን ከ11 ሰከንድ በላይ ቀድሞ ገባ፤ በሰከንድ ክፋይ በሚሸናነፉበት ስፖርት ይህን ያህል ርቀት ሊታይ የቻለው መንገዱ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ነው። ይህ ግን የወጣት ድፍረት ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የአህጉራችን ልጅ የሆነውን ደቡብ አፍሪካዊውን ግሬግ ሚናርን ያስብ፤ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት በ2003 ካገኘ በኋላ፣ በ2021 በዚያው በቫል ዲ ሶሌ፣ በ39 ዓመቱ፣ አራተኛውን ወስዷል። ግዴለሽ ሰው በእንዲህ ያለ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት አይሰነብትም።

ይደልደል የሚሉት ሰዎች የሚያነሡትን ምክንያት አልንቅም፤ አጥንቱ የተሰበረን ሰው ከጫካው ውስጥ በቃሬዛ ተሸክመው የሚያወጡት ሌሎች ናቸውና። ነገር ግን የለሰለሰ ቁልቁለት ጀማሪውን ከችሎታው በላይ ያስሮጠዋል፤ ድንጋዩ ያስተምረው የነበረውን ጥንቃቄ ሳይማር በፍጥነት ይወድቃል። ለጀማሪ የሚሆነው መንገድ ለብቻው ይሠራለት፤ ለሊቃውንቱ የተተወው ግን በጥቁር ምልክት በግልጥ ይታወቅ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ አስተዋዮች መንገድ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት፣ ከባዱ የድንጋይ ደረጃ ከመግቢያው ላይ ይደረግ፤ ያልበቃ ሰው ገና መንገዱን ሳይጀምር ከብስክሌቱ ወርዶ እንዲያየው፣ ካልሆነለትም በአጠገቡ ባለው ቀላል መንገድ ያለ ኀፍረት እንዲሄድ።