በቀይ ባሕር ዳርቻ የሐሩር ወራትና የቤተ ሰብ ጥንቃቄ

ደጋው አገር በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በሚረሰርስበት ጊዜ የቀይ ባሕር ዳርቻ በሐሩር ይነዳል። በምጽዋ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያልፋል። ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ ብዙ ዝቅ አይልም። ይህ ለዳርቻው ተወላጅ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው፥ ከተለመደው ልክ የሚያልፈው ሐሩር እየተደጋገመና እየረዘመ መምጣቱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2024 ዓ.ም. ሙቀት በመሣሪያ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ዓመታት ሁሉ የበለጠ የሞቀ ሆኖ መመዝገቡን የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት አስታውቋል። ስለዚህ ቤተ ሰብን ከሐሩር መጠበቅ የእናቶችና የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረቱ አብቅቶ፥ አስተዳዳሪውንና ነጋዴውን የሚመለከት የሕዝብ ጉዳይ ሆኗል።

የቀድሞ ሰዎች ሐሩርን የሚችሉበት ዘዴ ነበራቸው። ከብት አርቢው የቆላው ሣር ሲደርቅ መንጋውን ነድቶ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በዳርቻው ዝናብ የሚዘንብበት የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። የምጽዋ ሰው ቤቱን ከባሕር ዛጎል ድንጋይ በወፍራሙ ይሠራ ነበር፤ መስኮቱንም ነፋስ እንጂ ፀሐይ በማያስገባ የእንጨት ፍርግርግ ይጋርደዋል። ሌሊት አልጋውን ወደ ሰገነት አውጥቶ በባሕር ነፋስ ያድራል። የኢጣልያ ገዢዎች ሳይቀሩ በ1897 ዓ.ም. የአስተዳደራቸውን መቀመጫ ከምጽዋ ወደ አሥመራ ሲያዛውሩ ከምክንያቶቻቸው አንዱ የአየሩ ጠባይ ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ቤተ ሰብ የሚኖረው ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት መልሶ በሚተፋ የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ሥር ነው። አሮጌው ዘዴ ሲተው ምትኩ በሚገባ አልተተካም።

ሐሩር ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ሳያውቁ መዘጋጀት አይቻልም። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በደረቅ በረሃ ላብ ቶሎ ይተናል። በባሕር ዳርቻ ግን አየሩ አስቀድሞ በእርጥበት ስለ ተሞላ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ሰውየውም ውሃውን ያጣል እንጂ አይቀዘቅዝም። በአንድ ቴርሞሜትር እኩል ዲግሪ የሚነበብባቸው ሁለት አገሮች በአደጋቸው እኩል የማይሆኑት ስለዚህ ነው። ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ልብ ዕረፍት አያገኝም፤ የመጀመሪያው ቀን ድካም በሁለተኛው ላይ፥ የሁለተኛውም በሦስተኛው ላይ ይደረባል።

በሌሎች አገሮች የደረሰው ሁሉ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1995 ዓ.ም. በሺካጎ ከተማ በጥቂት የሐምሌ ቀናት ውስጥ ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ወደ 15,000 የሚሆን ሕዝብ አለቀ። በ2015 ዓ.ም. የካራቺ ወደብ የባሕሩ ነፋስ በቆመባትና የኤሌክትሪክ ኀይል በሚቋረጥባት ሰሞን ከ1,200 ሰዎች በላይ አጥታለች። በ2024 ዓ.ም. በመካ ሐጅ የሞቱት 1,301 መሆናቸውን የሳዑዲ ዐረብያ መንግሥት ሲገልጽ፥ ከአምስቱ አራቱ ያህል ፈቃድ ያልነበራቸው መሆናቸውንና በፀሐይ ረጅም መንገድ ያለ መጠለያ መጓዛቸውን ጨምሮ አስታውቋል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ሐሩር ሁሉን በእኩል አይመታም። የሚመታው ብቸኛውን፥ አረጋዊውን፥ ሕፃኑን፥ ነፍሰ ጡሯን፥ ሕመምተኛውንና ጥላ የሌለውን ነው።

«ይህ ሕዝብ ሐሩርን የለመደ ነው» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። በከፊል እውነት ነው፤ ሰውነት ሐሩርን በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እየለመደ ይሄዳል። ነገር ግን ወደብ ያለ መጤ አይኖርም። ከደጋ የወረደ የካሚዮን ነጂ፥ አዲስ የተሾመ ጸሐፊና የቀን ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት ከ2,300 ሜትር ከፍታ በግማሽ ቀን ባሕር ጠረፍ ይደርሳሉ። በሥራ ላይ በሐሩር ከሚሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወድቁ መሆናቸው በሌሎች አገሮች ተረጋግጧል። ልማድም ቢሆን ወሰን አለው፤ ላብ መትነን ካቃተው የለመደውም ያልለመደውም እኩል ናቸው።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? ዝግጅቱ የሚጀመረው ሐሩሩ ሳይገባ በሚያዝያ ነው። በመጀመሪያ ውሃ። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር የመጠጥ ውሃ እንደሚያስፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ በፀሐይ የሚሠራ ከዚህ አብልጦ ይሻል። ቧንቧ ቢቋረጥ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ። ጥማት እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም፤ በተለይ ሽማግሌ ጥማቱ ዘግይቶ ስለሚሰማው ልጆቹ እየቀዱ ያጠጡት።

ሁለተኛው ቤቱ ነው። ክዳኑን በኖራ ነጭ መቀባት ፀሐይን ይመልሳል፤ ወጪውም ቀላል ነው። መስኮቱን ከውጭ በሰሌን ወይም በሸራ መጋረድ ከውስጥ መጋረጃ ይበልጣል፤ ሙቀቱ መስተዋቱን ካለፈ በኋላ ቤት ውስጥ ገብቷልና። ቀን የውጭው አየር ከውስጡ ሲሞቅ መስኮት ይዘጋ፤ ሲመሽ ይከፈት። ከክፍሎቹ ቀዝቀዝ ያለው ተመርጦ ለሕፃንና ለአረጋዊ ይሰጥ። ምድጃና ከሰል ከመኝታ ክፍል ይራቅ፤ ወጡ በማለዳ ይሠራ። የተረፈ ምግብም በሐሩር ቶሎ ስለሚበላሽ ሳይውል ይበላ። የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይረዳል፤ ነገር ግን የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ማራገቢያው ሰውነትን የሚያሞቅ እንጂ የሚያቀዘቅዝ አይሆንም። በዚያን ጊዜ ገላን በውሃ ማራስ፥ እግርን በውሃ መንከር፥ እርጥብ ጨርቅ በአንገት ላይ ማድረግ ይሻላል።

ሦስተኛው ምልክቱን ማወቅ ነው። ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ብዙ ላብና የጡንቻ መኮማተር ማስጠንቀቂያዎች ናቸው፤ ሰውየው ጥላ ውስጥ ተኝቶ ውሃ ይጠጣ። ንግግሩ ከተዘበራረቀ፥ ራሱን ከሳተ ወይም ገላው እንደ እሳት ከጋለ ግን ይህ ለሞት የሚያሰጋ ነው። ያለ መዘግየት ልብሱ ይውለቅ፥ ውሃ በብዛት ይፍሰስበት፥ ይራገብለት፥ ወደ ሐኪም ቤትም ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ማጠጣት ትንፋሹን ያፍናልና አይገባም። የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ከሐሩሩ ወራት በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ይሁን እንጂ ቤተ ሰብ ብቻውን የማይደርስበት ነገር አለ። ውሃ ካልመጣ የሚያጠራቅመው የለም፤ የቀን ሠራተኛ በቀትር ሥራ ቢያቆም ደመወዙን የሚያጣ ከሆነ ምክሩ ከንቱ ነው። የአስተዳደር ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በሕንድ አገር የአሕመዳባድ ከተማ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር በደረሰባት ሐሩር ከወትሮው በላይ 1,344 ሰዎች ሞቱባት። ከሦስት ዓመት በኋላ ማዘጋጃ ቤቷ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ፥ ሐኪም ቤቶችን የሚያሰናዳና የመጠጥ ውሃ ቦታዎችን የሚያበዛ ደንብ አወጣች። በየዓመቱ ከሺህ በላይ ሰዎች ከሞት እንደ ዳኑ በኋላ የተደረገ ጥናት ገምቷል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው በአብዛኛው ሥርዓት እንጂ ብዙ ወርቅ አልነበረም።

ብዙ የአገራችን ልጆች የሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው መንግሥታትም በበጋቸው ወራት በቀትር ከቤት ውጭ መሥራትን በሕግ ከልክለዋል፤ በሳዑዲ ዐረብያ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት፥ በኳታር ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። በወደብም የዕቃ ማራገፍ ሥራ ወደ ማለዳና ወደ ሌሊት ቢዛወር መርከቡ አይዘገይም፤ ሠራተኛውም ይተርፋል። እያንዳንዱ ቀበሌ ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን ዝርዝር ቢይዝና በሐሩሩ ቀናት ጧትና ማታ የሚጎበኛቸው ሰው ቢመድብ፥ በሺካጎ የታየው ዓይነት የዝምታ ሞት በእጅጉ ይቀንሳል።

ነጋዴውም የራሱ ድርሻ አለው። በረዶ፥ ኖራ፥ ሰሌን፥ ማራገቢያና የውሃ በርሜል በሐሩሩ ሰሞን ዋጋቸው የሚንረው አስቀድመው ባለመምጣታቸው ነው። በሚያዝያ ያከማቸ ነጋዴ በሐምሌ በተመጣጠነ ዋጋ ሸጦ ያተርፋል፤ ድሃውም ይገዛል። መድኃኒት ሻጩ ቅዝቃዜ የሚሻውን ዕቃ፥ በተለይም ኢንሱሊንን፥ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ እንኳ የሚጠብቅበት መላ ይኑረው። በቆርቆሮ መጋዘን የሚሠሩ ሐማሎች ያሉት ባለ ሀብትም ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ቢያቀርብላቸው የሚያወጣው ገንዘብ አንድ ሰው ቢወድቅ ከሚደርስበት ኪሣራ እጅግ ያነሰ ነው።

ጎርፍና እሳት ድምፅ አላቸው፤ ሰው ሰምቶ ይሮጣል። ሐሩር ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል፤ የሟቹም ስም በልብ ድካም ወይም በእርጅና ተመዝግቦ ይቀራል። በአደጋ መዝገብ ያልገባ ሞት ደግሞ በጀት አይመደብለትም። ስለዚህ የሐኪም ቤቶችና የማዘጋጃ ቤቶች የመጀመሪያ ሥራ በሐሩሩ ወራት የሚሞተውን ሰው በትክክለኛው ምክንያት መመዝገብ ነው። የተቆጠረ ችግር ኃላፊ ያገኛል፤ ኃላፊ ያገኘም ችግር ከሚቀጥለው ሐምሌ በፊት መላ ይፈለግለታል።