ከመጠምጠም መማር ይቅደም



የአንባቢያን ደብዳቤ በሚወጣበት በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ገበያ ዋጋ ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው አሳብ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም ወደ ላይ የሚከፈተውን የሱቅና የመኪና ማደሪያ ጋራዥ በር ስለሚያነሣው ሞላ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የሰው እጅ የሚያሳጣ ነውና ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል በከተማችን በመዘዞ የአንድ ሱቅ በር ከበደ። በሩ የላሜራ ነው፤ ወደ ላይ ሲገፉት ከመግቢያው በላይ ባለው ቧንቧ ላይ ይጠቀለላል። ቀድሞ በአንድ እጅ ይነሣ የነበረው ሁለት ሰው የሚያስጨንቅ ሆነ። የሱቁ ባለቤት ከደብረ ብርሃን ባለሙያ ቢያስመጣ ገንዘብ እንደሚወጣበት አሰበና፣ በሱቁ የሚሠራለትን ወጣት «ወጣ በልና ብሎኑን ፈትተህ እየው» አለው። ወጣቱም መሰላል አቁሞ ወጣ። ቧንቧውን ከግድግዳው ጋር የያዘውን ብሎን ባላላ ጊዜ ቧንቧው በድንገት ተሽከረከረ፤ በላዩ የነበረውም ትልቅ መፍቻ አብሮ ዞሮ ቀኝ እጁን መታው። ሁለት ጣቶቹን አጣ። ዛሬ እስክሪብቶ የሚይዘው በግራ እጁ ነው።

ይህ ወጣት ተማሪዬ ነበር። ፊዚክስ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። የሞላን ሕግ በሰሌዳ ላይ ጽፌለታለሁ፤ በፈተናም የቀረበለትን ጥያቄ ሳይሳሳት ሠርቷል። ነገር ግን በሰሌዳው ላይ የሣልሁለት ሞላ ጧትና ማታ በሚከፍተውና በሚዘጋው በር ውስጥ እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አልነገርሁትም። ስለዚህ ይህን ስጽፍ የሱቁን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ራሴንም ጭምር እየወቀስሁ ነው።

ለመሆኑ ሞላ ምንድን ነው? ቃሉ እንደ ብዙዎቹ የመኪናና የብረታ ብረት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛም ሲሰሙት ያስተምራል፤ ሞላ የተሞላ ነገር ነውና፣ የተሞላውም ኃይል ነው። የጭነት መኪናን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራም በጣሊያንኛ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ስም ነው። በእኛም አገር ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የበግ ጠጉር የሚነደፍበት ደጋንና ቆቅ የሚያዝበት የታጠፈ እንጨት ወጥመድ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ ሰው ሲያጥፋቸው የሰጣቸውን ኃይል ይዘው ይቆዩና በለቀቃቸው ጊዜ ይመልሱለታል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ ሕጉን ገልጾታል፤ ሞላ በተለጠጠ መጠን ወደ ቦታው ለመመለስ የሚስብበት ኃይል በዚያው ልክ ያድጋል። የሚጠመዘዝ ሞላም እንዲሁ ነው፤ አንድ ዙር በተጨመረ ቁጥር ኃይሉም ይጨምራል።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። 50 ኪሎ የሚመዝን በር አለ እንበል፤ ይህ ግማሽ ኩንታል እህል ማለት ነው። አንድ ልጅ በአንድ እጁ የሚያነሣው ጉልበተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ሞላው ክብደቱን ስለሚሸከምለት ነው። በሩ ሲወርድ ሞላው ይጠመዘዛል፤ ሲወጣም እየተፈታ በሩን ወደ ላይ ያግዛል። እንግዲህ ሞላው ከምንጊዜውም ይልቅ ኃይል የተሞላው በሩ ተዘግቶ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው። በሩ ሲከፈትም ፈጽሞ ባዶ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ኃይል የሌለው ይመስለዋል። ሞላው ሳይለቀቅ ብሎኑን መፍታት ግን ያን ግማሽ ኩንታል በመፍቻው ጫፍ መቀበል ማለት ነው።

ከጣርማ በር ወደ መዘዞና ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ አስተዋይ ሹፌር፣ ባሌስትራው በተሰበረ መኪና ጭነት ይዞ ቁልቁለት አይወርድም። ጎንበስ ብሎ ያየዋልና ይፈራዋል። የበሩ ሞላ ግን በሽፋን ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር እስኪሰበር ድረስ የሚያስታውሰው የለም።

ሞላ መድከሙን የሚያሳውቅበት ምልክት አለው። በሩ ከቀድሞው ይከብዳል፤ እኩሌታው ላይ ሲያቆሙት በመቆም ፈንታ ይወርዳል፤ ወይም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አንዳንድ ጊዜም እንደ ጥይት ጮኾ ይሰበራል፤ ሞላው የሚታይ ከሆነም በጥቅሎቹ መካከል ክፍተት ይገኛል። በዚህ ጊዜ በሩን በግድ ማንሣት፣ ሞተር ያለውንም በሞተሩ ማስጎተት አይገባም። በሩ ተዘግቶ ከሆነ እንደ ተዘጋ ይቆይ፤ ተከፍቶ ከሆነም ማንም ከሥሩ አይለፍ፤ ባለሙያም ይጠራ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የተማሪዬን አደጋ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ በስልክ ባወራሁለት ጊዜ ደንግጦ ዝም አለ። ለካስ እሱም የጋራዡ በር ሞላ ተሰብሮበት፣ የባለሙያ ዋጋ ለመቆጠብ ሲል በካቻቢቴ ሊቀይረው ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያ አገር ወደ ላይ የሚነሣ የጋራዥ በር በፈረንጆች 1921 ሲ. ጂ. ጆንሰን የተባለ ሰው ከሠራው ወዲህ እጅግ ተስፋፍቷል። ለመኖሪያ ቤት የሚሠራው የተለመደ ሞላ 10,000 ጊዜ ከፍቶ እንዲዘጋ ተብሎ የሚሠራ ነው። በቀን 4 ጊዜ ለሚከፍት ቤተ ሰብ ይህ 7 ዓመት ያህል መሆኑ ነው። በቀን 2 ጊዜ ለሚከፈት በር ደግሞ ያው ሞላ ከ13 ዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ የሞላ መሰበር ድንገተኛ መቅሠፍት አይደለም፤ ቀኑ ሊታሰብ የሚችል ነገር ነው።

የአክስቴ ልጅ ምክሬን ሰምቶ ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው የሽቦውን ውፍረት፣ የጥቅሉን የውስጥ ስፋት፣ ርዝመቱንና የሚጠመዘዝበትን አቅጣጫ ለካ፤ ከእነዚህ አንዱ ቢለወጥ ሞላው በሩን አይመዝንምና። ሁለቱ ሞላዎች እኩል ስለ ሠሩ አንዱ ሲሰበር ሌላውም ቅርብ ነው ብሎ ሁለቱንም ቀየረ። ሲያጠብቅም በካቻቢቴ ሳይሆን በልኩ በተሠሩ ሁለት የብረት ዘንጎች እየተፈራረቀ፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ቆሞ ነበር። በበሩ ግራና ቀኝ የሚለጠጥ ሞላ ያለበት በር ከሆነም፣ ቢበጠስ ስባሪው እንዳይወረወር በመካከሉ የሽቦ ገመድ ማለፍ አለበት።

ልጅ ሆኜ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተምሩን የነበሩ መምህር፣ መሣሪያ ከመያዛችን በፊት «ኃይሉ የት ነው ያለው?» ብለው ይጠይቁን ነበር። ያን ጊዜ ለጨዋታ ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን ይህን ጥያቄ ለተማሪዬ ሳላስተላልፍለት በመቅረቴ እጸጸታለሁ።

እንግዲህ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሱቅ ባለቤቶች የበር ሞላ እንዲፈታ የሱቅ ልጅ አይላኩ፤ ለባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብ ከሁለት ጣት ዋጋ እጅግ ያንሳል። ሁለተኛ፣ በር ሠርተው የሚገጥሙ ባለሙያዎች የበሩን ክብደት፣ የሞላውን ልክና የተገጠመበትን ዓመት በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ሰው በግምት እንዳይሠራ። ሦስተኛ፣ እኛ መምህራን ሕጉን በሰሌዳ ላይ ጽፈን አንብቃ። ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ በሩ፣ ወደ ባሌስትራውና ወደ ደጋኑ እንሂድ። እኔ ዘንድሮ ጀምሬአለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስለ በሩ ለክፍሉ እንዲያስረዳልኝ የለመንሁት ያንኑ ወጣት ነው፤ እሱም እሺ ብሎ መጣ። በግራ እጁ ሞላውን በሰሌዳው ላይ ሣለ፤ ከእኔ ይልቅ በጸጥታ አደመጡት።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ስለ ሌላ ጥምጣም ነበር። ለዚህኛውም ጥምጥም ቢሆን ምክሩ ሳይጎድል ይሠራል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመዘዞ